«ፎርማት ይደረግ» ከማለታችሁ በፊት

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቅዳሜ ስለሆነ ጊዜ ይኖራችኋል ብዬ ነው። ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ሰው ቢያነበው ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ እውነቱን ልናገር፣ እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ዲፕሎማዬ በጂኦግራፊ ነው፣ የማስተምረውም እሱኑ ነው። ግን ትምህርት ቤታችን ውስጥ ፕሪንተር እምቢ ሲል የሚጠራው ሰው እኔ ነኝ። በየትምህርት ቤቱ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አለ፣ ታውቁታላችሁ። ሰፈር ውስጥም እንደዛው ነኝ። ስለዚህ የምጽፈው ካየሁት፣ ከሞከርኩት፣ አንዴ ደግሞ ካጠፋሁት ተነሥቼ ነው።

ካጠፋሁት ልጀምር።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ አንድ ሥራ ይዘዋል፤ በየገጠሩ እየዞሩ ሙሾ ይሰበስባሉ። አልቃሽ እናቶችን አፈላልገው ያገኛሉ፣ ቡና ላይ ይቀመጣሉ፣ በስልካቸው ይቀዳሉ። ማታ ቤት ገብተው በኮምፒውተር ይተይቡታል፤ ማን ለማን እንዳለቀሰች፣ ሟቹ ማን እንደነበረ፣ ዘመኑ መቼ እንደነበረ ሳይቀር። ስልኩ ሲሞላባቸው ድምፁን ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጠው ከስልኩ ያጠፉታል። እንዲህ እያሉ ስድስት ዓመት ሠሩ። ከቀዷቸው እናቶች መሀል ዛሬ በሕይወት የሌሉ አሉ።

ባለፈው ዓመት አንድ ማታ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ኮምፒውተሩ አፕዴት እያደረገ ሳለ መብራት ሄደ። ከመጣ ወዲህ ዝም ብሎ ይሽከረከራል፣ አልከፍትም ብሎኛል» አሉኝ። እኔ የፈተና ወረቀት ተቆልሎብኝ እያረምኩ ነበር። ሄጄ ለማየት ከቤታቸው የሚለየኝ አንድ አጥር ነው። አልሄድኩም። «ጋሼ አይጨነቁ፣ ነገ ፎርማት ያስደርጉት፣ እንደ አዲስ ይሆንልዎታል» አልኳቸው። በዚሁ አፌ ነው ያልኩት።

በነጋታው ጥገና ቤት ወሰዱት። ልጁ አየት አድርጎ «ፎርማት ነው አባባ» አላቸው። «እሺ፣ መምህሩም እንደዛ ብሎኛል» አሉት። «ውስጡ ምን አለ?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው የለም። እሱም አልጠየቀ፣ እኔም አልጠየቅሁ። ጋሼ ደግሞ ፎርማት ማለት ቤት እንደማጽዳት ይመስላቸው ነበር፤ ዕቃው ተነሥቶ፣ አቧራው ተጠርጎ፣ ዕቃው ወደ ቦታው የሚመለስ። ልጁ ሃርድ ዲስኩን በሙሉ አጥፍቶ፣ እንደ አዲስ ከፋፍሎ፣ ዊንዶውስ ጫነበት። ልጁ ደግ ልጅ ነው፤ ለአባባ ብሎ ዲ ድራይቩን በድሮ ድራማ ሞልቶላቸዋል። በነፃ።

ያ ደግነት ነው የጨረሰን። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በተለመደው ፈጣን ፎርማት ፋይሉ ወዲያው ከሃርድ ዲስኩ ላይ አይፋቅም። ማውጫው ነው የሚጠፋው፤ ቦታው «ባዶ ነው» ተብሎ ይመዘገባል፣ ፋይሉ ግን ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዛው ተኝቶ ይቆያል። ወዲያው ብንደርስ ኖሮ ብዙውን ማውጣት ይቻል ነበር። በላዩ ላይ ዊንዶውሱም ድራማውም ተጻፈበት። (አዲሱ ኤስኤስዲ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ እሱ የተሰረዘውን ራሱ ስለሚያጸዳ ተስፋው በጣም ትንሽ ነው።) ሬኩቫ በሚባለው ፕሮግራም ሦስት ሌሊት ቁጭ ብዬ ፈለግሁ። ከሁለት መቶ በላይ ከነበረው ድምፅ 31 አወጣሁ፤ ብዙዎቹ መሀል ላይ ይቋረጣሉ፣ የፋይል ስማቸውም የለም። ጋሼ እያንዳንዱን በጆሯቸው እየሰሙ «ይቺ የእገሊት እናት ናት» ይሉኛል፣ እኔ ስም እጽፍበታለሁ። የተተየበው አንድም አልተገኘም። አንድ ቀን እንኳን «አንተ ነህ ያልከኝ» ብለውኝ አያውቁም። እንዲሉኝ የፈለግሁበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ አስተያየቴን ልናገር። አፕዴት ስላልተሳካ ብቻ ኮምፒውተር ፎርማት ማድረግ ጥገና አይደለም። ቁልፉ ጠፋ ተብሎ ቤቱን ማፍረስ ነው። እኛ አገር ግን የመጀመሪያው መፍትሔ እሱ ሆኗል። ሲዘገይ ፎርማት፣ ሲንጠለጠል ፎርማት፣ ቫይረስ ሲባል ፎርማት።

ጥፋቱን በጥገና ቤት ልጆች ላይ ብቻ እንዳታደርጉት። አስቡት፤ ፎርማት ዋጋው የታወቀ ነው፣ ሰዓቱም የታወቀ ነው። ልጁ «ሦስት ሰዓት ቁጭ ብዬ ምክንያቱን ልፈልግ፣ ለዚያ ክፈሉኝ» ቢለን የምንከፍለው ስንቶቻችን ነን? «ምንም ሳይሠራ ገንዘብ ጠየቀኝ» ብለን ሰፈር ሙሉ እናወራለን። ሐኪም መርምሮ «ምንም የለብህም» ሲለን ለካርዱ ከፍለን እንወጣለን አይደል? ለኮምፒውተር ምርመራ መክፈልን ግን አልለመድንም። የከፈልነው ለፎርማት ስለሆነ ፎርማት ተሸጠልን።

አሁን ደግሞ በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ፣ ትምህርቱ ያለው እሱ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ማብቂያ፣ ሮስተር ልናስረክብ ሁለት ቀን ሲቀረን፣ ላፕቶፔ አፕዴት ጀመረ። 30 በመቶ አካባቢ ደርሶ ቆመ፣ ራሱን አጥፍቶ ተነሣ፣ ከዛ «አፕዴቱን ማጠናቀቅ አልቻልንም፣ ለውጦቹን እየመለስን ነው፣ ኮምፒውተሩን አታጥፉ» የሚለውን በእንግሊዝኛ አወጣ። የአምስት ክፍል ውጤት በኤክሴል እሱ ውስጥ ነው። ላቤ መጣ። የድሮው እኔ ብሆን የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭኜ እይዘው ነበር።

አልነካሁትም። ቻርጀሩን ሰክቼ ቡና ጠጣሁ። «እየመለስን ነው» ሲል እውነቱን ነው፤ የጀመረውን ለውጥ እያፈረሰ ወደ ነበረበት እየተመለሰ ነው። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ይህ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ያኔ መሀል ላይ ማጥፋት ነው ትንሹን ችግር ትልቅ የሚያደርገው። ከሰዓት በላይ ቆይቶ ተከፈተ። መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ሮስተሩን ወደ ፍላሽ መገልበጥ ነው፣ ሁለተኛ ደግሞ ለራሴ በቴሌግራም መላክ። ከዛ በኋላ ነው ወደ በሽታው የሄድኩት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይህ ነው፤ ዊንዶውስ አፕዴት ሲከሽፍበት ምክንያቱን ይጽፋል። ሴቲንግ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት ሲገባ «አፕዴት ሂስትሪ» የሚል አለ፤ ያልተሳካው ጎን ላይ ቁጥር ይቀመጣል። የኔ «ዜሮ ኤክስ 80070070» ይል ነበር። ትርጉሙ ቦታ የለም ማለት ነው። በቃ! ሲ ድራይቩ ሞልቷል። ሲከፋፈል ለሲ ትንሽ፣ ለዲ ብዙ ተሰጥቶት፣ የቀረው ቦታ ሦስት ጊጋባይት አይሞላም ነበር። ምን እንደሞላው ታውቃላችሁ? ዳውንሎድ ውስጥ ያለው የቴሌግራም ዴስክቶፕ ፎልደር! የሦስት ዓመት የግሩፕ ቪዲዮ፣ የመልካም በዓል ካርድ፣ ተደጋግሞ የወረደ መጽሐፍ። እሱን ወደ ዲ ወሰድኩ፣ በዲስክ ክሊንአፕ የሲስተሙን ትርፍራፊ አጸዳሁ፣ ከ20 ጊጋ በላይ ተለቀቀ።

ድጋሚ ሞከርኩ፣ አሁንም እምቢ አለ። ቁጥሩ ግን ሌላ ሆኗል። ይህንን ልብ በሉልኝ፤ ቁጥሩ ተቀየረ ማለት አንዱ ችግር ተፈቶ ወደሚቀጥለው ደርሰናል ማለት ነው። እኛ ግን «አሁንም አልሠራም» ብለን ተስፋ የምንቆርጠው እዚህ ጋ ነው። አዲሱ ቁጥር «ዜሮ ኤክስ 80073712» ነበር፤ አፕዴቱ የሚፈልጋቸው የሲስተሙ የራሱ ፋይሎች ተበላሽተዋል ወይም ጎድለዋል ማለት ነው። መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር ድንገት የሚጠፋ ላፕቶፕ ነው፣ ባትሪው ሞቷል፤ ምን ይጠበቃል?

ለዚህ ዊንዶውስ ውስጥ ሁለት መጠገኛ አለ፤ ዲ.አይ.ኤስ.ኤም. እና ኤስ.ኤፍ.ሲ. ይባላሉ። ኮማንድ ፕሮምፕት በአድሚኒስትሬተር ተከፍቶ ነው የሚታዘዙት። መጀመሪያ ዲ.አይ.ኤስ.ኤም.፣ ቀጥሎ ኤስ.ኤፍ.ሲ.። የመጀመሪያው የጎደለውን ከኢንተርኔት ስለሚያመጣ ዳታ ይፈልጋል፤ ካርድ ሳትሞሉ አትጀምሩት። መሀል ላይ ቆሞ የሚመስልበት ጊዜ አለ፣ ታገሱት። ትዕዛዙን እዚህ በኛ ፊደል ብጽፈው ስለማይሠራላችሁ ስክሪንሾቱን ኮሜንት ላይ አስቀምጫለሁ። ከዛ ሶፍትዌር ዲስትሪቢውሽን የሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለውን፣ ተጀምሮ የተቋረጠውን ዳውንሎድ አጠፋሁ፤ ይህን ከማድረግ በፊት የአፕዴቱን ሰርቪስ ማስቆም ያስፈልጋል፣ አለበለዚያ አላጠፋም ይላል። እንደገና አውርዶ ገባ። ሮስተሩን በቀኑ አስረከብኩ። የጠፋ ፋይል የለም፣ የወጣ ወጪ የዳታ ብቻ ነው።

ምክንያቱ ሁልጊዜ ይሄ ነው ማለቴ አይደለም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለወራት አፕዴት እምቢ ብሎት፣ ብሮውዘሩም «ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ሲያስቸግረው ነበር። ሄጄ ሳይ የኮምፒውተሩን ዓመት በኛ አቆጣጠር አስተካክሎታል! «ዛሬ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው ታዲያ?» አለኝ፣ ኩሩ ሰው ነው። ኮምፒውተሩ ከማይክሮሶፍት ጋር ሲገናኝ የሚያየው የደኅንነት ሰርተፊኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቆመ ማሽን ሰርተፊኬቱን «ገና ያልተወለደ» ብሎ አይቀበለውም። ቀኑን አስተካከልን፣ አለቀ። አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች፤ እሷን መቀየር ነው።

«የኔ እኮ ጭራሽ አይከፍትም» የምትሉ፣ የጋሼ ጉዳይ ይህ ነበርና በደንብ አንብቡልኝ። ዊንዶውስ 10ም 11ም ሲነሣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተቋረጠ ራሱ ወደ መጠገኛው ገጽ ይገባል። እዛ ትራብልሹት፣ ከዛ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ «አንኢንስቶል አፕዴትስ» አለ፤ የመጨረሻውን አፕዴት ያወጣዋል። «ስታርትአፕ ሪፔር»ም አለ፣ «ሲስተም ሪስቶር»ም አለ። ምንም ባይሠራ እንኳን ፋይላችሁን ማውጣት ትችላላችሁ። እዛው ገጽ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ ኖትፓድን ጥሩት፤ ፋይል፣ ኦፕን በሉ፣ «ሁሉንም ፋይል» የሚለውን ምረጡ፤ የምታዩት መስኮት የኮምፒውተራችሁ ሙሉ ማውጫ ነው። ፎልደሩን ኮፒ አድርጋችሁ ፍላሽ ላይ ፔስት ማድረግ ነው። (የድራይቭ ፊደሎቹ እዛ ሊቀያየሩ ይችላሉ፣ አትደንግጡ። ቢትሎከር የተባለው ቁልፍ ካለበት 48 አኃዝ ያለው ቁጥር ይጠይቃችኋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ይገኛል።) ይህን የተማርኩት ጋሼ ከተጎዱ ከወር በኋላ ነው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ድምፆቹን በሙሉ ላወጣቸው እችል ነበር። ያችን ማታ አጥሩን ተሻግሬ፣ ዕውቀቱ እንኳን ባይኖረኝ፣ ሃርድ ዲስኩን ፈትቼ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ ብገለብጠው ያው ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ እምቢ ካለ «ሪሴት» አለ፤ «ፋይሎቼን አስቀር» የሚለውን መርጣችሁ። ፕሮግራሞቻችሁ ይሄዳሉ፣ የግዕዝ መጻፊያችሁንም እንደገና መጫን አለባችሁ፣ ዶክመንታችሁ ግን ይቀራል። ፎርማት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ ወዲያ ነው፤ ያውም ፋይሉ ሌላ ቦታ መኖሩ በዓይን ከታየ በኋላ።

አሁን «ታዲያ አፕዴቱን ለምን ጨርሶ አናጠፋውም?» የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ስታፍ ውስጥ በየቀኑ እሰማዋለሁ። ጥገና ቤትም ብዙውን ጊዜ አጥፍተው ነው የሚሰጡን፤ አንዳንዱ የሚጫነው ዊንዶውስ ጭራሽ የአፕዴት ክፍሉ ተቆርጦ የወጣለት ነው። ዳታ ውድ ነው፣ እውነት ነው። አፕዴት ራሱ ያበላሸበት ጊዜም አለ፣ አልክድም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 የወጣው የዊንዶውስ 10 አፕዴት የአንዳንድ ሰዎችን ዶክመንት አጥፍቶ ማይክሮሶፍት ሥርጭቱን በቀናት ውስጥ ማቆም ነበረበት። በጥር 2024 ደግሞ ኬቢ 5034441 የተባለው፣ ለመጠገኛው ክፍል የተከለለው ቦታ ጠቦት የብዙ ሰው ኮምፒውተር ላይ አልገባም ብሎ ነበር፤ ያኔ ችግሩ የተጠቃሚው ጥፋት አልነበረም።

ግን የሌላውንም ወገን እዩት። ዋናክራይ የተባለው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ በግንቦት 2017 ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ሲይዝ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ሥራ ሲያቆሙ፣ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት ከወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። ያደረጉት ዳኑ። እኛ ደግሞ ፍላሽ ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ቤት የምናዞር ሰዎች ነን። ስለዚህ እኔ አላጠፋውም፤ ለአምስት ሳምንት «ፖዝ» የሚል አለ፣ የፈተና ሰሞን እሱን እጠቀማለሁ፣ ሴሚስተሩ ሲያልቅ እለቀዋለሁ። የሞባይል ዳታ ላይ ከሆናችሁ ግንኙነቱን «ሜተርድ» አድርጉት፣ ትልልቁን ሳይጠይቃችሁ አያወርድም።

አንድ ነገር ልጨምር። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ወደ 11 ለመሻገር ስትሞክሩ «ይህ ኮምፒውተር አያሟላም» ካላችሁ ብልሽት አይደለም፤ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል እና አዲስ ፕሮሰሰር ይፈልጋል፣ ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን። ይህንንም «ፎርማት ቢደረግ ይስተካከላል» እየተባለ ገንዘብ የሚከፈልበት አለ። አይስተካከልም።

ጥገና ቤት ስትሄዱ እንግዲህ ሁለት ነገር በሉ። አንድ፣ «ውስጡ ያለውን ሳትገለብጥልኝ እንዳትነካው፣ የገለበጥከውንም አሳየኝ»። ሁለት፣ «የኤረሩ ቁጥር ስንት ነው?» ቁጥሩን መናገር የማይችል ሰው ምክንያቱን አልፈለገም። ምክንያቱን ፈልጎ ላገኘ ልጅ ደግሞ የፎርማቱን ዋጋ ያህል ክፈሉት፤ አትከራከሩት።

ጋሼ አሁን ደህና ናቸው። ባለፈው ወር እንደገና መዞር ጀምረዋል፤ አሁን እየቀዱ እኔ በየእሑዱ ሁለት ቦታ እገለብጣለሁ። ይህን ጽሑፍ አንብቤላቸው «ስሜን አታንሣ እንጂ ጻፈው» ብለውኛል። አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ከሦስት ዓመት በፊት ጋሼ ከተየቡት ውስጥ አርባ ገጽ ያህል ፕሪንት አድርገው፣ ፎቶ ኮፒ አስነሥተው፣ ደብረ ብርሃን አንድ ለቅሶ ቤት ለተሰበሰቡ ሰዎች አድለው ነበር። ሰማያዊ ሽፋን አለው፣ በስቴፕለር የተያዘ ነው፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የእጅ ጽሑፍ መታሰቢያ አለበት። ለማን ለማን እንደሰጡ አያስታውሱም። ቤታችሁ፣ የአባታችሁ መደርደሪያ ላይ፣ የእናታችሁ ሳጥን ውስጥ ካያችሁት እባካችሁ በውስጥ መስመር አናግሩኝ። ወረቀቱን አልወስድባችሁም፣ በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ብትልኩልኝ ይበቃኛል። የጎደለ ገጽ ያለውም ቢሆን ላኩልኝ።